የግማሽ ከተማ ሳንዱች

ወንድሜ መብላት ያቆመው ከፋሲካ በኋላ ነው። ከሆዱ ዕጢ ወጥቶለት ቤት ገብቶ ነበር፤ የቀረው በመርፌ ይታከማል ተባለ። ሁለተኛውን መርፌ ከወሰደ በኋላ እንጀራ ጎመዘዘው፣ ገንፎ ሸተተው፣ ሾርባ ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ጀመር። የምታክመው ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ሚዛን ላይ አቁማ አየችውና ወደ እኔ ዞረች።

"እናቴ፣ ክብደቱ ከዚህ ከወረደ መርፌውን መቀጠል አልችልም። ሰውነቱ አይቋቋመውም።"

"ምን ልስጠው?"

"የሚበላውን። አሁን አንመርጥም።"

ይህን የምጽፈው ጥሩ እህት እንደነበርኩ ለማስመስከር አይደለም። ሰፈሩ እንደዚያ ይላል፤ ይበል። እኔና እሱ ዕድሜያችንን በሙሉ ለማለት ይቻላል በአንድ ግቢ ኖረናል፤ እሱ አባታችን ትቶት በሞተው ትልቁ ቤት፣ እኔ ጓሮ ባለችው ክፍል። ሚስቱ ሞታለች። ልጆቹ አንዱ አዳማ፣ አንዷ አዲስ አበባ ናቸው፤ ይደውላሉ። የቀረሁት እኔ ስለሆንኩ አስታመምኩት። ከዚያ የተለየ ምክንያት የለውም።

በማግስቱ ጠዋት ምን ብሠራለት እንደሚበላ ጠየቅኩት። "ሳንዱች" አለ።

"የምን ሳንዱች?"

"ጥሩ ሳንዱች። እንደ ጣቢያው ቡፌ።"

የጣቢያው ቡፌ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ ነው። አባታችንም እሱም የባቡር ሠራተኞች ነበሩ። እሱ በወጣትነቱ ከጥገና ክፍል ሲወጣ ቡፌው ጋ ቆሞ የሚበላውን ረጅም ዳቦ እስካሁን ያወራል፤ ሥጋው ስስ፣ ሰናፍጩ አፍንጫ የሚሰረስር፣ ዳቦው ሲገመጥ ከሩቅ የሚሰማ። እኔ አልቀመስኩትም። ሴት ልጅ ቡፌ ቆማ አትበላም ብሎ የከለከለኝ እሱ ነው። ስለዚህ የወጣሁት የማላውቀውን ጣዕም ፍለጋ ነበር።

በዓለ ኀምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ በዚያ በኩል እንቅፋት አልነበረም። እንቅፋቱ ሙቀቱ ነው። በግንቦት ድሬዳዋ ረፋዱ ካለፈ በኋላ ሱቁም ይዘጋል፣ ሰውም ይተኛል። ጠዋት በማለዳ ወይም ፀሐይ ከበረደች በኋላ እወጣ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት እዚሁ ሰፈራችን ከዚራ፣ ፊቱ መስታወት የሆነ አዲስ ካፌ ነው። ክለብ ሳንዱች የሚሉትን ሰጡኝ። ዳቦ በዳቦ ላይ ተደራርቦ፣ በየመሃሉ እንቁላልና ሥጋ ገብቶ፣ እንዳይፈርስ በስቴኪኒ ተወግቷል። ወንድሜ ስቴኪኒውን መዝዞ ወደ ብርሃን ያዘው።

"ይኼ ሕንፃ ነው። ሊፍት አለው?" አለና ሳህኑን ገፋው።

ሁለተኛው ከሳቢያን ነው፤ ተማሪዎች የሚሻሙበት ጠባብ ቤት። ስፔሻል ይሉታል። ድንች ጥብስና ካቻፕ የሞላበት፣ በእጅ ሲይዙት ወደ ውስጥ የሚሰምጥ ነጭ ዳቦ። አንዴ ገምጦ "ኬክ ነው ያመጣሽው" አለ። ሦስተኛውን ራሴ ሠራሁት። ከዳቦ ቤት ጠንከር ያለ ዳቦ ገዝቼ፣ ሥጋውን አሳስቼ ጠብሼ፣ ሰናፍጩን በጥብጬ ቀባሁበት።

"አንቺ ነሽ የሠራሽው?"

"እኔ ነኝ።"

"ያስታውቃል።"

ሳህኑን አንስቼ ወጣሁ። የሚያስታምሙት ሰው እንደዚህ ሲናገር ሕመሙ ነው ይባላል። የእሱ ሕመሙ አይደለም። ጤነኛ ሳለም እንደዚሁ ነበር።

የሚያመላልሰኝ ባለባጃጅ አንድ ጎልማሳ ነው። በሦስተኛው ቀን ከሳቢያን ወደ ታይዋን ገበያ፣ ከገበያው ወደ ጣቢያው በር ሲያዞረኝ ቆይቶ ፍሬን ያዘና ወደ ኋላ ዞረ።

"ማዘር፣ ቆይ፣ ምንድን ነው የምንፈልገው?"

"ሳንዱች።"

"ለሳንዱች ነው እንዴ ድሬን የምታዞሪኝ? ቀድመሽ አትነግሪኝም አቦ? የክርስቲያን ነው የሙስሊም?"

ከባጃጅ ተራው ጥላ ሥር የተቀመጠ ሌላ ሾፌር ሰምቶ ገባበት።

"ደቻቱን ሳትሻገሪ ሳንዱች በላሁ አትበዪ ማዘር። መጋላ ነው ሳንዱች።"

"ማተቧን አታይም እንዴ? መጋላ ሄዳ ምን ትበላለች?"

"እንቁላል ትብላ።"

"እንቁላል ሳንዱች ነው?"

"አንተ ከዚራ የምትበላው ሳንዱች ነው? ማዮኔዝ እየላስክ።"

ድሬ ውስጥ ሁሉ ነገር ተደባልቋል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ቋንቋ እንናገራለን፤ ሙስሊሙ የክርስቲያን ሬሳ ይሸኛል፣ ክርስቲያኑ በረመዳን የጎረቤቱን ሳምቡሳ ይጠብቃል። ሳይደባለቅ የቀረው ሥጋ ብቻ ነው። ሰርግ ሲሆን ሁለት ሰንጋ ይጣላል፤ አንዱን ክርስቲያን፣ አንዱን ሙስሊም ያርደዋል፤ ወጥ ቤቱም ሁለት ነው። ማንም አይቀየምም። እንግዲህ የዚህን ከተማ ምርጥ ሳንዱች አውቃለሁ የሚል ሰው የሚያውቀው ግማሹን ነው። የሌላውን ግማሽ ሽታውን እንጂ ጣዕሙን አያውቅም።

እኔ ያ ሌላው ግማሽ አንዴ እጄ ገብቶ ያውቃል። ስለዚህ ነገር ብዙ አልናገርም፤ ግን ካልነገርኩ ቀጥሎ የሚመጣው አይገባም።

አባታችን በሞተበት ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እሠራ ነበር። እዚያ አንድ መካኒክ ነበር፤ ሙስሊም ነው፣ ቤታቸው መጋላ። በዕረፍት ሰዓት ዳቧችንን ይዘን ከአንድ ኒም ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። እኔ የእነሱን ሥጋ አልበላም፣ እሱም የእኛን አይበላም፤ ስለዚህ በዳቦው መሃል የሚገባው ሁልጊዜ እንቁላልና ድንች ነው። "እንቁላልን ማንም አያርደውም" ይለኝ ነበር። ሊያገባኝ ፈልጎ ነበር። እኔም እምቢ አላልኩም። ቤታችን የማን ሥጋ ይገባል የሚለውን ሳይቀር ተነጋግረን ነበር። ዓሣም አይታረድም፣ ዓሣ አጥማጅ እሆናለሁ ይል ነበር፤ ባሕር በሌለበት ድሬ ውስጥ ሆኖ።

የአረፋ ዕለት እናቱ ሥጋ በዳቦ ጠቅልላ ላከችልኝ። የበዓል ነገር አይመለስም። ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ለሙስሊም ጎረቤታችን ልሰጣት አስቤ ነበር። ወንድሜ ቀድሞ አገኘው። ግቢው መሃል ቆሞ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እያየ፣ ለውሻ ጣለው። "የበላሽበትን አፍ ሳትታጠቢ ቤት እንዳትገቢ" አለኝ። በማግስቱ ጸበል ወሰደኝ። በሌላ ቀን ፋብሪካው በር ሄዶ መካኒኩን አነጋገረው፤ ምን እንዳለው እስካሁን አላውቅም። መካኒኩ ከዚያ ወዲያ ዛፉ ሥር አልመጣም። ብዙ ሳይቆይ ጅቡቲ ገባ ተባለ። እኔም ከሥራ ወጣሁ። ረዘም ላለ ጊዜ ሳህኔ ተለይቶ ለብቻዬ በላሁ። እናቴ ዝም አለች። በላሽ አልበላሽም ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። አልበላሁም ነበር። በኋላ ደግሞ ለጋብቻ የጠየቀኝ አልመጣም፤ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈሩን አዳርሶ ነበር።

ወንድሜ ይህን ሁሉ ያደረገው ለሃይማኖቱ ነው አልኩ። ጠላሁት፣ ግን ምክንያት አለው አልኩ። በዚህ ነው የኖርኩት።

ደቻቱን ተሻገርን። ወንዙ ደርቆ አሸዋው ብቻ ነው የሚታየው። ባለባጃጁ መጋላ ውስጥ አንድ በር ላይ አወረደኝ። የምትሠራው ከእኔ በዕድሜ የምታንስ ወፍራም ሴት ናት፤ ባሏ ከኋላዋ ሥጋ ይከትፋል። ዳቦው ረጅም ነው፣ በእንጨት እሳት የተጋገረ። ሰንጥቃ ትከፍተዋለች፣ ስስ ሥጋ በከሙንና በሽንኩርት ታገላብጣለች፣ ሎሚ ትጨምቅበታለች፣ ቢስባስ የሚሉትን የሚለበልብ የቃሪያ ማባያ ታፈስበታለች፤ ከዚያ ዘግታ በጋለ ብረት ትጫነዋለች። ዳቦው ሲጮህ ሰማሁት። ወንድሜ የሚያወራለት ድምፅ ይኼ መሆን አለበት።

ተራዬ ሲደርስ ቀና ብላ አንገቴን አየች።

"እናቴ፣ ሥጋው የእኛ ነው። እንቁላል ልሥራልሽ?"

ጮክ ብላ አይደለም የነገረችኝ፤ ሌላው እንዳይሰማ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ ነው። እዚህ ከተማ ጨዋ ሻጭ እንዲህ ታደርጋለች።

"ሥሪልኝ" አልኳት።

ወንድሜ የእንቁላሉን ግማሹን በላ። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ያን ያህል ሲበላ አላየሁም። የቀረውን እጁ ላይ ይዞ ዳቦውን ተመለከተ።

"ዳቦው ይኼ ነው። ከየት ነው?"

"ከደቻቱ ማዶ።"

"ሥጋ የላቸውም?"

"አላቸው።"

ሌላ አልጠየቀም። በበነጋው ጠዋት ስገባ ነቅቶ ተቀምጧል። "ሥጋውን አምጪ" አለኝ።

ሻጯ አስታወሰችኝ። ሥጋውን ስላት እጇ ቆመ።

"ትናንት ነግሬሻለሁ አይደል?"

"ነግረሽኛል። ለእኔ አይደለም።"

"ለማን ነው?"

"ለታመመ ሰው።"

"እሱስ ያውቃል?"

"እነግረዋለሁ።"

"ንገሪው እሺ? ወላሂ፣ ሳያውቅ እንዳይበላ። ኃጢአቱ ለእኔ ነው የሚተርፈው" አለች፤ ከዚያ ሠራችው።

በጋዜጣ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ሲሞቀኝ ቤት ደረስኩ። ሳህን ላይ አድርጌ ፊቱ አስቀመጥኩት። እጁን ዘረጋ። ከቤት ውጭ የመጣ ሥጋ ባየ ቁጥር ማን አረደው ብሎ ሳይጠይቅ የማይጎርስ ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ነበር። ያን ቀን አልጠየቀም።

"የእስላም ሥጋ ነው" አልኩት።

ይጥለዋል ብዬ ነው የነገርኩት። ቢጥለው እንደሚርበው፣ ሚዛኑ እንደሚወርድ፣ ከዚያ ምን እንደሚከተል አውቄ ነው። ሻጯ ንገሪው ስላለችኝ ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆናል። እንዲጥለው ፈልጌ ነበር። ጥሎት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ያኔ የጣለበት ምክንያት ዛሬም እዚያው አለ ማለት ነበር።

ዳቦውን ከፈት አድርጎ አየ።

"ቢስባስ አድርጋበታለች?"

"አድርጋበታለች።"

"ጥሩ" አለና ገመጠ።

ቆሜ አየሁት። እያላመጠ ዓይኑን ጨፈነ። ጭማቂው አገጩ ላይ ወረደ፤ ጠረግኩለት። ሁለተኛ ገመጠ፣ ሦስተኛ።

"ያኔስ?" አልኩት።

"ያኔ ምን?"

"ለውሻ የጣልከውስ?"

ማላመጡን አላቆመም። ለማስታወስ ጊዜ ወሰደበት፤ ወይም እንደዚያ መሰለኝ።

"እሱን ነው እስካሁን የምታስቢው?"

"ጠየቅኩህ።"

"አባታችን ገና መሞቱ ነበር። ሰው ሁሉ እኔን ነበር የሚያየው፤ ቤቱን ይችለዋል አይችለውም እያለ። ምን ላድርግ?"

"ሃይማኖት ነው ብለህ ነበር።"

"ሃይማኖትም አለበት። ውኃ ስጪኝ፤ ለበለበኝ።"

ውኃ ሰጠሁት። ሳንዱቹን ጨረሰና ተኛ። እኔ እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። የተናደድኩም አልመሰለኝም። እጄ ላይ የሥጋው ሽታ ነበር፤ ከሙንና ሎሚ። ታጥቤ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እሄድ ጀመር። ባለባጃጁ አይጠይቀኝም፤ ስወጣ ሲያየኝ ወደ ደቻቱ ያዞራል። ሻጯም አትጠይቀኝም። አንዳንዴ ለራሴ እንቁላሉን እገዛና እዚያው አግዳሚ ወንበሩ ላይ እበላለሁ። ጥሩ ነው። ከዚህ የበለጠ ስለ እሱ የምለው የለኝም።

የሚዛኑ ቀን ሐኪሟ ክብደቱ እንደጨመረ ነገረችን። መርፌው ቀጠለ።

በዚያው ሰሞን የማኅበር ወንድሞቹ ሊጠይቁት መጡ፤ ሦስት ሽማግሌዎች፣ እንደ እሱ ጡረታ የወጡ የባቡር ሰዎች። ፊቱ ቀልቶ፣ ትራስ ተደግፎ ሲያዩት ደስ አላቸው። ለስላሳ አቀረብኩላቸው።

"ምን በልተህ ነው እንዲህ የሆንከው?" አለው አንደኛው።

"እህቴ ናት። ሳንዱች ፍለጋ ከተማውን አሰሰችው። በድሮው ነገር ቂም የምትይዝ ሰው አይደለችም፤ ይቅር ባይ ናት።"

ይቅር ብያለሁ ብዬ አላውቅም። አልጠየቀኝምም።

"ከየት ነው የምታመጣልህ?"

ወንድሜ አንድ ጊዜ አየኝ። "ከዚሁ ነው፤ ከከዚራ" አለ።

የወንድሜን ፊት አየሁት። ከሞት ጋር እየተናነቀ፣ በራሱ አልጋ ላይ ተቀምጦ፣ የፈራው ሦስቱን ሽማግሌዎች ነበር። ያኔም ግቢው መሃል የቆመው ያው ሰው ነው፤ ያኔም ዓይኑ ያለው አጥሩ ላይ እንጂ እኔ ላይ አልነበረም። ይህን ሳላውቅ መኖሬ ነው የገረመኝ።

"ከመጋላ ነው" አልኩ።

አንደኛው ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሁለተኛው ደግ ሰው ነው፤ መውጫ ሰጠው።

"እንቁላሉን ይሆናላ።"

"አዎ" አለ ወንድሜ። "እንቁላሉን ነው።"

"ሥጋውን ነው" አልኩ።

ሦስተኛው ጉሮሮውን ጠረገ። "ለታመመ ሰው እኮ... የነፍስ አባቱን ቢያማክር..." አለና ተወው። ስለ ሙቀቱ ተነጋገሩ። ዘንድሮ ዝናብ ዘገየ ተባባሉ። ብዙም ሳይቆዩ ተነሡ፤ ሲወጡ ለእኔም እግዚአብሔር ይስጥሽ አሉኝ፤ ሳያዩኝ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔም ጠርሙሶቹን ሰብስቤ ግቢውን ጠረግኩ።

በበነጋው ሥጋውን እንደ ወትሮው አምጥቼ ሳህኑ ላይ አደረግኩለት። እጁን አልዘረጋም። ግድግዳውን እያየ ተኝቷል።

"አልበላም" አለ።

"ለምን?"

"አልበላም አልኩሽ።"

ሳህኑን አላነሳሁም። ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ ሌላ መርፌ አለው፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ውጭ ሰው ያልፋል፤ የግቢያችንም የቤቱም በር በሙቀቱ ምክንያት ክፍት ነው፤ ከመንገድ አልጋው ይታያል። ዳቦው እየቀዘቀዘ ነበር። ብላ አላልኩትም። ልለው የምችለው ሁሉ ባለፈው ቀን አልቆብኛል።

ቆይቶ ቀና አለ። መጀመሪያ ያየው እኔን አይደለም፤ በሩን ነው።

"ዝጊው" አለኝ።

ተነሥቼ ዘጋሁት። በልቶ እስኪጨርስ ድረስ ሞቆን ተቀመጥን።